አዳም፣ ድንቅነሽና የጉማራ ዓሣ

መስከረም 1 ቀን በፎገራ ሜዳ ዙሪያ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት የዓመቱ ቁጥር ለምእመናን ይነገራል። ስሌቱ የባሕረ ሐሳብ ነው፤ ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ዓመተ ምሕረት ይደመርበታል። 2018 ዓ.ም. ሲገባ ድምሩ 7518 ሆነ፤ ለ4 ተካፍሎ 2 ስለተረፈ ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ተባለ። ያው ቁጥር ለ19 ሲካፈል ደግሞ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚያዝ፣ ፋሲካ በየትኛው እሑድ እንደሚውል የሚወጣበትን መነሻ ይሰጣል። መሪጌታው ይህን ሲያውጅ ማንንም ለማሳመን አይደክምም፤ የሚከራከረውም የለም። እዚህ አገር አዳም ሰዎች “አምናለሁ” ወይም “አላምንም” የሚሉት ጉዳይ ከመሆኑ በፊት የቀን መቁጠሪያው መጀመሪያ ነው። ገበሬው የሚዘራው፣ የሚጾመው፣ ልጁን የሚድረው በዚያ ቁጥር ውስጥ ሆኖ ነው።

በዚያው ሰሞን ልጁ ወረታ ከተማ 12ኛ ክፍል ይገባል። የባዮሎጂ መጽሐፉ አራተኛ ምዕራፍ ስለ ዝግመተ ለውጥ ነው። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው፣ አርዲ 4.4 ሚሊዮን። ዩኒቨርሲቲ ከደረሰ ደግሞ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ የሚወስደው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ኮርስ ያንኑ ጉዳይ መልሶ ያነሣለታል።

ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሥዕሉ ግልጽ ይመስላል። አባት 7518 ላይ፣ ልጅ 3.2 ሚሊዮን ላይ፤ በመካከል ትምህርት ቤት። ልጁ ብዙ በተማረ ቁጥር ከአባቱ እየራቀ ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ሥዕል ስለ አባትየውም ስለ ልጁም የተሳሳተ ይመስለኛል፤ ይህ ጽሑፍም የተጻፈው ለዚህ ነው።

ሥዕሉ የመጣው ከሌላ አገር የሕዝብ አስተያየት መለኪያ ነው። ጋሉፕ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ጥያቄ ከሦስት አማራጭ ጋር እየደጋገመ ሲጠይቅ ኖሯል፤ እግዚአብሔር ሰውን አሁን ባለው መልኩ ፈጠረው፣ ሰው በረጅም ዘመን ተለወጠ ለውጡን ግን እግዚአብሔር መራው፣ ወይስ እግዚአብሔር እጁን ሳያስገባ ተለወጠ? በመጀመሪያው ዓመት 44 በመቶው የመጀመሪያውን መረጡ። በ2024 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ 37 በመቶ ነበር፤ 34 በመቶው ሁለተኛውን፣ 24 በመቶው ሦስተኛውን አሉ። ኮሌጅ የጨረሱት የመጀመሪያውን የሚመርጡት ካልጨረሱት ባነሰ መጠን ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ የ34 አገሮች ንጽጽር ደግሞ አይስላንድን፣ ዴንማርክንና ስዊድንን ከላይ፣ አሜሪካንን ከታች ሁለተኛ፣ ቱርክን መጨረሻ ላይ አስቀምጧል።

ሦስቱን አማራጮች ይዘን ወደ ወንዛዬ እንሂድ። ወንዛዬ ጉማራ ወንዝ ዳር ያለ ፍል ውሃ ነው። ወገቡን የታመመ፣ ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው የቆሰለ ሰው እየመጣ ይነከርበታል፤ ገበሬውም፣ ነጋዴውም፣ ተማሪውም እዚያው። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስብ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም፤ ሁሉም ሥራ ፈትቶ ለወሬ ተመችቶ የሚገኝበት ነውና።

አንድን ሽማግሌ ሦስቱን አማራጮች ብናነብላቸው ሁለተኛው ላይ ሳንደርስ “ልጄ፣ ከአዳም ነዋ!” ይሉናል። መዝጋቢው የመጀመሪያው ሣጥን ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ሽማግሌው ግን ሦስት ሐሳብ መዝነው አንዱን አልመረጡም። የተጠየቁት የዘር ጥያቄ ነው፣ የዘር ጥያቄ ደግሞ እዚህ አገር ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። ልጅ ለመዳር ሲታሰብ የሁለቱ ወገን አያት ቅድመ አያት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ቆጠራው ወደ ላይ ሲሄድ ሲሄድ ማብቂያው አዳም ነው፤ አዳም የሁሉ ቅድመ አያት ስለሆነ ሰው ሁሉ ዘመድ ነው። “ሰው ከዝንጀሮ መጣ” የሚለው አባባል ወደዚህ ሲመጣ የሚሰማው እንደ ሳይንስ መላምት ሳይሆን የሰው ዘር እንደ መንካት ነው። አባባሉም በሳይንሱ ዓይን ስሕተት ነው። የሰው ዘር ሐረግና የሰሜን ተራሮች ጭላዳ ሐረግ የተለያዩት ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቀድሞ ነው፤ ሁለቱም ከዚያ ወዲህ የየራሳቸውን መንገድ ሲሄዱ ኖረዋል።

ሽማግሌውን ቦታውም ያግዛቸዋል። ጉማራና ርብ የሚገቡበት ጣና ዓባይን ያሳልፋል፤ ዓባይ ለአካባቢው ምእመን ግዮን ነው፣ በኦሪት ዘፍጥረት ከገነት ከሚወጡት አራት ወንዞች አንዱ። ከገነት የወጣ ውሃ ደጁ ላይ ለሚያልፍበት ሰው ስለ አዳም መናገር ስለ ሩቅ አገር መናገር አይደለም። የወረታ ሙስሊሞችም አደምን ይጋራሉ፤ እርግጥ በቁርኣን 5500 የሚል ቆጠራ ስለሌለ የዓለም ዕድሜ ያን ያህል አያስጨንቃቸውም። ለእነርሱ ክርክሩ የሚጠብቀው አደም ራሱ ከአፈር በቀጥታ መፈጠሩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ልጁ።

ተማሪ ከአባቱ የሚለየው ፍጥረትን እየተወ ዝግመተ ለውጥን በመያዙ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የወረታን ተማሪ እሑድ ጠዋት አላየውም። ሰንበት ትምህርት ቤት ሥነ ፍጥረትን በሥርዓት ያስተምራል። ሃያ ሁለቱ ፍጥረታት በስድስቱ ቀናት ይደለደላሉ፤ እሑድ 8፣ ሰኞ 1፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ሦስት ሦስት፣ ዓርብ 4፤ ከዓርቡ አራት የመጨረሻው ሰው ነው። ሰው አራት ባሕርያተ ሥጋ እንዳሉት፣ እነርሱም መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት እንደሆኑ፣ ሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ ሲጨመሩ ሰባት እንደሚሞሉ ይማራል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በኦርቶዶክስ ተማሪዎች የግቢ ጉባኤ ያው ትምህርት ጠንከር ብሎ ይቀጥላል፤ እዚያ ደግሞ ዳርዊን በስም ይነሣል፣ መልስም ይሰጠዋል። አባትየው ስለ ዳርዊን ሰምተው አያውቁም፤ ስለዚህ የሚቃወሙት ነገር የለም። ልጁ ግን ዝግመተ ለውጥን በሰማበት ዓመት መቃወሚያውንም ተምሯል። ትምህርት ቤት ያደረገው ከአንዱ እምነት ወደ ሌላው ማሻገር ሳይሆን ሁለቱንም ማብዛት ነው። ሰባቱን ባሕርያት በዝርዝር የሚያስረዳ ሰው ቢፈለግ ከገበሬው ይልቅ የባዮሎጂ ተማሪው ቶሎ ይገኛል።

አንዳንዱ ተማሪ ያስታርቃል። በሥነ ፍጥረት ሐሙስ የውሃ እንስሳት፣ ዓርብ የየብስ እንስሳት፣ መጨረሻ ላይ ሰው ይፈጠራሉ፤ “በሳይንሱስ ቅደም ተከተሉ ያው አይደል?” ይላል። ብልሃቱ ደስ ይላል፤ ግን ብዙ አያስኬድም። ሐሙስ አዕዋፍም አሉ፤ በቅሪተ አካል መዝገብ ወፎች ከየብስ እንስሳት በኋላ ናቸው። ማክሰኞ የበቀሉት ዕፅዋትም ረቡዕ የተፈጠረችውን ፀሐይ ይቀድማሉ።

የሚበዛው ተማሪ ግን አያስታርቅም፤ ለየብቻ ያስቀምጣል። ለዚህ ዋናው ምክንያት እምነት ሳይሆን የማስተማሪያ ቋንቋ ይመስለኛል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። አዳምን በአማርኛና በግእዝ፣ በዜማ፣ በቀብር ጸሎት፣ በአያቱ አፍ የሚያውቀው ልጅ ድንቅነሽን የሚያገኛት በማይጸልይበት፣ በማያለቅስበት፣ በማይቀልድበት ቋንቋ ነው። “ናቹራል ሰሌክሽን” የሚለውን ትርጓሜ ከነነጥቡ ይሸመድዳል፤ ለእናቱ አስረዳ ቢባል ግን ከየት እንደሚጀምር ይጨንቀዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ሁለት አሜሪካውያን መምህራን የዝግመተ ለውጥን ተቀባይነት በ20 ዐረፍተ ነገር የሚለካ መጠይቅ ካወጡ ወዲህ በየአገሩ የሠሩበት ተመራማሪዎች የሚደርሱበት አንድ ነገር አለ፤ ማወቅና መቀበል ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ወረታ ላይ ሦስተኛ ነገር መጨመር አለብን፤ ተምሮ ማለፍ የሚባለውን። ተማሪው ጥያቄው ፊት ለፊቱ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚያስበው “ይህ ለፈተና ነው ወይስ ለእኔ?” የሚለውን ነው። መጠይቁ በትምህርት ቤት ከተሞላ አንድ መልስ፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ከተሞላ ሌላ መልስ ቢሰጥ ውሸታም አይደለም። ሁለቱም መልሶች የየቦታቸው ናቸው።

ይህም ቢሆን የሚሠራው ትምህርት ቤት ክፍት ሲሆን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የ12ኛ ክፍልን አራተኛ ምዕራፍ ሳያይ የሚያድግ ወጣት በዝቷል፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሃያ ሁለት ፍጥረታት ግን አሁንም ያውቃቸዋል።

ተማሪና ሕዝብ በዚህ ጉዳይ በእርግጥ የተጋጩበት ዘመን ነበር። ድንቅነሽ አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ቀኑን ልብ ይሏል፤ በዋዜማው ሌሊት፣ ኅዳር 14፣ አዲስ አበባ ላይ ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት በደርግ ተረሽነዋል። ዶናልድ ጆሃንሰንና ተማሪው ቶም ግሬይ በሐዳር ገደል አጥንት ሲለቅሙ አገሪቱ በሌላ ሬሳ ተይዛ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀምሮ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። መሬት ላራሹን ይዘው ስለሄዱ ገበሬው የተቀበላቸው በብዙ ቦታ በእልልታ ነው። ከእነርሱ ጋርና ከእነርሱ በኋላ በካድሬው በኩል የመጣው ንቃት ግን ሌላም ነገር ነበረው። ኤንግልስ ሥራ ዝንጀሮን ወደ ሰው እንዴት እንዳሸጋገረ የጻፈው ድርሰት ከዚያ ርእዮተ ዓለም ጋር አብሮ የሚሄድ ነበር፤ ካድሬው አሳጥሮ ሲያቀርበው “እግዚአብሔር የለም” እና “ሰው ከዝንጀሮ መጣ” አንድ ንግግር ሆኑ። የቤተ ክርስቲያን መሬት የተወረሰው፣ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወርደው በኋላም የተገደሉት በዚያው መንግሥት ነው። ዛሬ አንድ አዛውንት ዝግመተ ለውጥ ሲባል ፊታቸው የሚጠቁረው በዳርዊን ላይ አይመስለኝም። የሚያስታውሱት የቀበሌውን ስብሰባ ነው።

ከደርግ በኋላ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ድንቅነሽ የካድሬ ማስረጃ መሆኗ ቀርቶ የአገር ኩራት ሆነች። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የዲኪካዋን ሕፃን፣ ሰላምን፣ አገኘ፤ ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ከአርዲ ቅሪት የመጀመሪያውን ቁራጭ አነሣ፤ ብርሃነ አስፋውና ባልደረቦቹ ሄርቶ ላይ 160 ሺህ ዓመት ያለውን የሰው ራስ ቅል አወጡ፤ ስለሺ ሰማው ጎና ላይ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸውን የድንጋይ መሣሪያዎች አጠና። ግኝቱ የፈረንጅ ብቻ ሳይሆን የኢትዮጵያውያን ስም የሚጠራበት ሆነ። በ2015 እ.ኤ.አ. ባራክ ኦባማ አዲስ አበባ ሲመጡ የድንቅነሽን አጥንት በእጃቸው እንዲነኩ ተደረገ። በዓመቱ አገሪቱ የቱሪዝም መለያዋን “ምድረ ቀደምት” አለች።

ከዚህ ወዲህ አንድ አስገራሚ ነገር ይታያል። “የሰው ዘር መገኛ ነን” የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያልተቀበለ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይከብዳል፤ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ዘማሪም፣ የመስጊዱ ኢማምም፣ የቡና ቤቱ ባለቤትም ይሉታል። ስለዚህ ጋሉፕ ወንዛዬ መጥቶ “ድንቅነሽን ታውቃላችሁ? የሰው ዘር ከዚህ ነው የተነሣው?” ብሎ ቢጠይቅ አብላጫው አዎ ይላል። ከሰዓት ተመልሶ “ሰው ከሌላ ፍጥረት ተለውጦ መጣ?” ቢል እነዚያው ሰዎች አይደለም ይላሉ። በመጀመሪያው ጥያቄ ድንቅነሽ የአዳም ጎረቤት ናት፣ በሁለተኛው ደግሞ የአዳም ተቀናቃኝ። እዚህ ላይ ተማሪውና ሕዝቡ አንድ ናቸው፤ ተማሪው የሚበልጠው ዓመቱን በትክክል በመናገሩ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ መምህር ከአፋር አጥንት መጀመሩ ያስከተለው ችግር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከሰው ይጀምራል፤ ከከባዱ ጫፍ። ፎገራ ላይ ግን ከሰው በፊት የሚነገር ብዙ ነገር አለ።

ጣና ውስጥ ላብዮባርበስ የሚባሉ የካርፕ ወገን ዓሦች አሉ። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎቹ ናገልከርከና ሲቢንግ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ባደረጉት ጥናት ከአንድ የዘር ግንድ የተለያዩ 15 ያህል ዝርያዎችን ለዩ፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። አፋቸው ወደ ታች የዞረ፣ አፋቸው ሰፊ የሆነ፣ ጀርባቸው የጎበጠ፣ እንደ ጦር የቀጠኑ አሉ። ግማሽ ያህሉ ዓሣ በል ናቸው፤ የካርፕ ወገን ደግሞ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። ጥርስ የሌለው አዳኝ! አንድ ሐይቅ ውስጥ በዚህ መልክ የበዛ የካርፕ ወገን የታወቀው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላው የፊሊፒንሱ ላናዎ ሐይቅ ነበር፣ የዚያኞቹ ግን አብዛኞቹ ጠፍተዋል።

እንዴት ተለያዩ? የጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ስለሆነ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ሐይቁ አይወጣም፤ የጣናዎቹ ለብቻቸው ቀሩ። በሐይቁ ውስጥ ደግሞ ጥልቁ፣ ዳርቻው፣ ደንገሉ፣ ድንጋያማው ወለል የየራሱ ምግብ አለው። ከነዚህ ዓሦች የተወሰኑት ክረምት ሲገባ፣ ውሃው ሲደፈርስ፣ በጉማራና በርብ ሽቅብ ወጥተው በጠጠር ላይ ይራባሉ፤ ሌሎቹ ከሐይቁ አይወጡም። የሚራባበት ቦታና ጊዜ የተለያየ ዓሣ እርስ በርሱ አይዳቀልም፤ ልዩነቱም እየጠነከረ ይሄዳል። የወንዛዬ ሰው ይህን ሽቅብ ጉዞ ያውቀዋል፤ በወንዞቹ አፍ መረብ የሚዘረጋውም ያንን ወቅት ጠብቆ ነው፤ የዓሦቹ ቁጥር ከቀነሰባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ከሐይቁ ወለል የወጣ ደለል ደግሞ ጣና ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ወይም ለመድረቅ ተቃርቦ እንደነበር ያሳያል። 15 ሺህ የ7518 እጥፍ ያህል ነው። ከ3.2 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር ገበሬው በአእምሮው ሊደርስበት የሚችል ርቀት ነው።

ከዓሣው ይልቅ የቀረበ ነገር ከተፈለገ ከብቱ አለ። የፎገራ ከብት በወተቱና በገራምነቱ የታወቀ ነው፤ ረግረግ ይችላል፣ ክረምት ሜዳው በውሃ ሲሞላ ቆሞ ይግጣል። ይህን ከብት ያወጣው የሜዳው ውሃና የባለቤቶቹ ምርጫ ነው። የትኛው ወይፈን ተኮላሽቶ ለእርሻ እንደሚሆን፣ የትኛው ኮርማ ሆኖ እንደሚቀር የሚወስነው ገበሬው ነው፤ የእናቲቱን ወተት፣ የአባቱን አቋም እያየ። ዛሬ የግጦሹ መሬት ወደ ሩዝ ማሳ ሲዞር፣ ከሌላ ዝርያ ጋር ሲዳቀል፣ ንጹሑ የፎገራ ከብት እየቀነሰ ነው። ሩዙም የራሱ ታሪክ አለው። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ጋር መጥቶ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን ቅዝቃዜ ስለቻለ ቀረ፤ የተስማማውን ዘር እየለየ ለከርሞ ያስቀመጠው ገበሬው ነው። ዛሬ ወረታ ውስጥ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ።

ዳርዊን በ1859 እ.ኤ.አ. ያወጣው መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስለ ሰው አይደለም፤ ስለ ቅሪተ አካልም አይደለም። ስለ ለማዳ እንስሳትና ስለ አዝርዕት ነው፤ ራሱ እርግብ አርብቷል። ሰውን የነካው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1871 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ ነው፤ የሰው ጥንተ ዘር ምናልባት በአፍሪካ ይኖር እንደነበርም የገመተው እዚያ ነው። እንግዲህ የፎገራው ገበሬ የዳርዊንን የመጀመሪያ ምዕራፍ ሲሠራው ይኖራል፤ ልጁ ደግሞ የመጨረሻውን በእንግሊዝኛ ይሸመድዳል። አባት ስሙን አያውቅም፣ ልጅ ነገሩን አልዳሰሰም።

ስለዚህ ሁለቱን ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው ሦስት ሣጥን ይዞ ባይመጣ እመርጣለሁ። በቅደም ተከተል ቢጠይቅ ይሻላል። ዘር በመመረጥ ይለወጣል? ከብትስ? ሰው ባይመርጥስ፣ ረግረጉና ዝንቡ ደካማውን እየገደሉ ከብቱን ይለውጡታል? የጉማራ ዓሦች ከአንድ ዓሣ ሊለያዩ ይችላሉ? ጭላዳና የቆላው ዝንጀሮ ዘመዳሞች ናቸው? ሰውስ? አባትየው ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጋር ያለ ችግር የሚሄዱ ይመስለኛል፤ “እንዴታ፣ ደካማውማ ያልቃል” ይላሉ። ዓሣው ላይ ያመነታሉ፤ “እርሱ የፈጠረውን ማን ያውቃል” ብለው ያልፉታል። ልጁ ሁሉንም በመጽሐፉ ቃል ይመልስና ዓሣው ጉማራ ውስጥ እንዳለ ሲሰማ ይገረማል፤ መጽሐፉ የነገረው ስለ ጋላፓጎስ ወፎች ነበርና። የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ሁለቱም ይቆማሉ። አባትየው “ሰውማ ሌላ ነው” ብለው ወሬውን ወደ ወገባቸው ሕመም ይመልሱታል። ልጁ ግን መልስ ከመስጠቱ በፊት የጠያቂውን ፊት ያያል፤ መምህር ይሁን፣ የግቢ ጉባኤ ሰው ይሁን ለመለየት።